ሹሩባ መስራት የማይችል አባት ቅዳሜዎች

ሹሩባ መስራት አልችልም። ከዚህ ልጀምር፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ስለሆነ። ባለቤቴ ነርስ ናት፣ አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ቅዳሜ ቅዳሜ ዱቲ ደረሳትና ሁለቱ ሴት ልጆቻችን ከጠዋት እስከ ማታ እኔ እጅ ላይ ወደቁ። ትልቋ አስር አመቷ ነው፣ አራተኛ ክፍል ናት። ትንሿ ሰባት አመቷ ነው፣ ቤት ውስጥ ሚጡ ነው የምንላት። የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ሚጡ ማበጠሪያ ይዛ መጣችና ፊቴ ቁጭ አለች፣ እኔም እንደምንም ሦስት ቦታ ከፍዬ ጎነጎንኩት፣ መስታወት ስታይ ግን አለቀሰች። ትልቋ ገብታ አየችንና "አባዬ ተወው በቃ፣ ኮፍያ ታድርግ" አለችኝ። ኮፍያ ካደረገች አይቀር እንውጣ አልኳቸው። አጀማመሩ ይሄ ነው፣ ብዙ ታስቦበት ምናምን አይደለም።

ይሄን የምጽፈው እንደኔ ቅዳሜና እሁድ ከልጆች ጋር ምን እንደሚያደርግ ግራ የገባው ወላጅ፣ በተለይ አባት፣ ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ነው። ብዙ ብር አላወጣንም፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያወጣሁት ሁሉ ተደምሮ አንድ የገና በግ አይገዛም። ያበላሸሁትም ነገር ብዙ ነው፣ እሱንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

ደብረ ብርሃን የኖረ ያውቀዋል፣ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለነው፣ ክረምቱ ጉምና ጭቃ ነው፣ ልጆች ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልለው ስልክ ሲነካኩ ይከርማሉ። ከዛ መስከረም ይጠባና በሁለት ሳምንት ውስጥ አገሩ ሌላ አገር ይሆናል። ሰማዩ ይከፈታል፣ የበሬሳ ውሃ እየጠራ ይመጣል፣ ሜዳው ቢጫ በቢጫ ይሆናል። እኔ ይሄን ጊዜ ሁሌ ፀደይ ነበር የምለው። ያረመችኝ ትልቋ ናት። "አባዬ ፀደይ እኮ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው የሚባለው፣ ቲቸር ነግራናለች" አለችኝ። እኔ ያደግኩት አደይ ሲፈነዳ ፀደይ መጣ ሲባል እየሰማሁ ነው፣ እስከዛሬም ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚለው፣ ግን በቆየው አቆጣጠር ልጅቷ ትክክል ናት። ስለዚህ ከዚህ በታች መፀው ስል ብትሰሙኝ ፈርቻት ነው።

የመጀመሪያው ጉዟችን እናቴ ጋ ነበር፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል። እናቴ የምትኖረው ከጫጫ ገባ ብሎ ነው፣ ጫጫ ማለት ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ የምትገኘዋ ከተማ ናት። በሚኒባስ ጫጫ ወረድንና ከዛ በእግር ገባን። እኔ ብቻዬን ስሄድ አርባ ደቂቃ ነው፣ ከሚጡ ጋር ሁለት ሰአት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ትቆማለች። አደይ ትቀጥፋለች፣ የተሻለ አየሁ ብላ የያዘችውን ትጥላለች፣ ጉንዳን ስታይ ቁጢጥ ትላለች፣ የኩበት ክምር አይታ "ይሄ የማን ቤት ነው?" ትለኛለች (አይፈረድባትም፣ የኛ አገር ኩበት ሲከመር ጎጆ ነው የሚመስለው)። እኔ ደግሞ እንደልማዴ ከፊት ከፊት እየሄድኩ ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ። መጨረሻ ላይ ትልቋ ቆመችና "አባዬ ማን እየጠበቀን ነው?" አለችኝ። ሳስበው ማንም። እናቴ እንኳን እንደምንመጣ አታውቅም፣ ስልኳ ባትሪ ከዘጋ ሦስት ቀኑ ነበር። ከዛ በኋላ ከኋላቸው መሄድ ጀመርኩ። ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ሞክሩት፣ ከፊት ስትሄዱ ልጅ ይጎተታል፣ ከኋላ ስትሆኑ ግን ራሱ ይመራችኋል፣ ሲደክመውም ቶሎ ታያላችሁ።

ገጠር ልጅ ይዛችሁ ስትገቡ ደግሞ ውሻን አትርሱ። ግቢ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ከሩቁ "ቤቶች!" ብላችሁ ተጣሩና ባለቤቱ ወጥቶ ውሻውን እስኪይዝ ቁሙ። ልጆቹ ምንም ቢመጣ እንዳይሮጡ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እኔ አልተናገርኩም፣ ሚጡ ውሻ ስታይ እሪ ብላ ሮጠች፣ ተከትሎ የቀሚሷን ጫፍ ቀደደው። ከጨርቅ አላለፈም እንጂ ለባለቤቴ ምን እንደምላት እንጃ።

እናቴ ስታያቸው እንዴት እንደሆነች አልነግራችሁም። እያገላበጠች ሳመቻቸውና ቡና እንኳን ሳታፈላ "እንኳን መጣችሁልኝ፣ ስንደዶው ሳያልፍ!" አለች። ለማያውቅ፣ ስንደዶ ሳር ነው፣ ሰፌዱም መሶቡም ሌማቱም ከሱና ከአክርማ ነው የሚሰፋው። ጊዜው መስከረም ነው፣ ከቆየ ይደርቅና እየተሰባበረ አይሆንም። እኔ ልጅ ሆኜ የሰፈሩ ሴት ልጆች ተጠራርተው እየዘፈኑ ነበር ስንደዶ ነቀላ የሚወርዱት፣ እኛ ወንዶቹ ከብት እየጠበቅን እናሾፍባቸው ነበር። አሁን በአርባ አመቴ ሁለት ሴት ልጆች ይዤ ስንደዶ ልነቅል ስወርድ ያዩኝ ጎረቤቶች ምን እንዳሉኝ ተዉት።

አነቃቀሉ ጥበብ አለው። እናቴ ለሚጡ ስታሳያት "ጫፉን ያዢና ወደላይ ቀጥ አድርገሽ ሳቢው የኔ እናት፣ ወደ ጎን ከሳብሽው እጅሽን ይቆርጥሻል" አለቻት። ሚጡ በዚህ ነገር ፍዝዝ አለች። የኔ ልጅ፣ ቤት ውስጥ አምስት ደቂቃ አንድ ቦታ የማትቀመጠው፣ አንድ ሰአት ሙሉ ጎንበስ ብላ አንድ አንድ እያለች ነቀለች፣ እኩል እኩል አድርጋ አሰረች፣ እናቴ ያሰረችውን ሳይቀር ፈታ እንደገና አስተካክላ አሰረችው። ትልቋ ግን አስር ደቂቃ ሳይሞላት ሰለቻት፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሜዳው ላይ መሯሯጥ ጀመረች። ልቆጣት ስል፣ ነይ አያትሽን አግዢ ልላት ስል፣ እናቴ ቀና ሳትል "ተዋት፣ እግሯ ነው የሚያሳክካት" አለችኝ። ያኔ ዝም ብዬ አለፍኩት፣ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ መጣብኝ ይሄ ቃል።

ከሰአት ባቄላው እሸት ደርሶ ስለነበር ማሳ ገባን። ለከተማ ልጅ ባቄላ ማለት ሽሮ ነው፣ ወይ ደግሞ ጆንያ ውስጥ ያለ ደረቅ ነገር። አረንጓዴ ሆኖ ዛላው ላይ ሲያዩት፣ ተፈልፍሎ ሲበላ፣ ትልቋ "ይሄ ይጣፍጣል እንዴ ጥሬውን?" ብላ ጀምራ ሆዷን እስኪነፋት በላች (ይነፋል፣ ውሃ ጠጥታችሁበት እንዳትሮጡ)። እናቴ አንድ ደንብ ነገረቻቸው፣ ከሰው ማሳ እሸት ባለቤቱን አስፈቅዶ ይበላል እንጂ በፌስታል ይዞ አይኬድም። አበባም ለመቅጠፍ ብላችሁ የተዘራ ውስጥ አትግቡ፣ በድንበሩ ላይ ያለው አደይ ይበቃል። በመጨረሻ ሚጡ ከቤት ጓሮ ሳማ ነካች፣ ጩኸቱ ጫጫ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። እናቴ ቱልት ቅጠል አሽታ ቀባቻት፣ እናቴ ዘፈን ቢጤም ጨመረችበት፣ ከሁለቱ የቱ እንደሰራ አላውቅም ግን ከአስር ደቂቃ በኋላ ረስታው ነበር።

ማታ ቤት ስንገባ የሁለቱም ከንፈር ተሰነጣጥቆ፣ አፍንጫቸው ቀልቶ ነበር። ባለቤቴ አየችኝ። ብዙ አልተናገረችም፣ ባትናገርም ይገባኛል። የኛ አገር ፀሐይ ታታልላለች፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ የምታቃጥል አትመስልም፣ ግን ከፍታው ላይ ስላለን አንጀት ድረስ ነው የምትገባው። ከዛ ወዲህ ሁሌ የምይዘው ነገር አለ። ሁለቱም ሰፋ ያለ ኮፍያ፣ ከመውጣታችን በፊት ፊትና ከንፈር ላይ ቫዝሊን (የፀሐይ ክሬም ያለው ክሬም ይቀባ፣ እኔ ጋ ቫዝሊን ነው ያለው)፣ አንድ ወፍራም ጃኬት ከመልበስ ይልቅ ሁለት ሦስት ሳሳ ያሉ ልብሶች እየተደራረቡ፣ ጠዋት ብርድ ነው እኩለ ቀን ሙቀት ነው ከአስር ሰአት በኋላ እንደገና ብርድ ነውና እየቀነሱ እየጨመሩ እንዲሄዱ። ትርፍ ካልሲ። ይሄን ትርፍ ካልሲ አትናቁት፣ የመስከረም ሜዳ ላዩ ደረቅ መስሎ ውስጡ ውሃ ነው። ስንቅ ደግሞ ቆሎ፣ ዳቦ፣ በሶ በሃይላንድ ተበጥብጦ። ብስኩትና ጁስ የመጀመሪያ ቀን ይዤ ነበር፣ ጥማት ብቻ ነው ያተረፍነው።

ጥቅምት ላይ ጭላዳ ለማየት ወጣን። ይሄ የሚጡ ጥያቄ ነበር፣ መጽሐፍ ላይ አይታ። ጭላዳ በዱር የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፣ ሰው ዝም ብሎ ዝንጀሮ ይለዋል እንጂ ከሌላው ዝንጀሮ ይለያል፣ ዋናው ምግቡ ሳር ነው፣ ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቦታ አለው። በሰሜን ሸዋ የመንዝ ጓሳ ላይ በብዛት አለ፣ ጓሳ ሕዝቡ ራሱ በራሱ ደንብ ከጥንት ጀምሮ ሲጠብቀው የኖረ ቦታ ነው፣ ቀይ ቀበሮም አለው፣ ግን ለሰባት አመት ልጅ የደርሶ መልስ ጉዞ አይሆንም። ስለዚህ ቅርብ ያለውን መረጥን፣ ጣርማ በር አካባቢ ያለውን የምኒልክ መስኮትን። መንገዱን ከመውጣታችን በፊት ማታ ለሁለት ሹፌሮች ደውዬ ጠየቅኩ፣ አሁን አሁን መንገድ እንደየቀኑ ነው፣ ያለው ሁኔታ አስተማማኝ ካልሆነ ጭላዳው የትም አይሄድም፣ ሌላ ቅዳሜ አለ። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ሰርዘን ነው በሦስተኛው የሄድነው። ልጆቹ አኩርፈው ነበር፣ ያኩርፉ።

ስንደርስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ጉም። ድፍን ያለ ጉም። ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመን አፍንጫችን ሥር ያለው አይታይም። "መስኮቱ የታለ?" አለች ሚጡ። ይሄ ነው አልኳት፣ ሲገለጥ ቆላው ድረስ ያሳያል። "ምኒልክ መስኮት ብቻ ነው እንዴ ያለው? ቤቱስ?" አለችኝ። እንግዲህ የተወለደውማ አንጎለላ ነው፣ እማማ ካለችበት ሩቅ አይደለም፣ ቤተ መንግስቱ ደግሞ አንኮበር ነበር፣ እያልኩ ለማስረዳት ስሞክር ትልቋ "እና መስኮቱን ለምን ከቤቱ አራቀው?" ብላ አስቆመችኝ። ለዚህ መልስ ያለው ሰው ይንገረኝ።

ብርዱ ሌላ ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለምን እንደሆነ እዛ ገደል ጫፍ ላይ ነው የሚገባችሁ። ልንመለስ ነበር። አንድ በግ የሚጠብቅ ልጅ ከበግ ፀጉር የተሰራ ኮፍያ ይዞ መጣ፣ ሁለት ገዛሁት፣ እሱ ነው "ጋሼ ትንሽ ቆዩ፣ ይነሳል" ያለኝ። በሶአችንን ጠጣን፣ ሚጡ እግሯን እያማታች ዘፈነች፣ ሰአት ሊሞላን ሲል ነፋስ መጣና ጉሙ ልክ መጋረጃ እንደሚሳበው ከአንድ ጎን ተነሳ። ከፊታችን፣ ሃያ ሠላሳ እርምጃ እንኳን የማይሆን ቦታ ላይ፣ መንጋው ቁጭ ብሎ ሳሩን በጣቱ እየነጨ ይበላል። ለካ ሲነጩ የሰማነው ድምጽ የበግ መስሎን የነሱ ነበር። ልጆቹ ትንፋሻቸው ቆመ። አንዷ እናት የልጇን ጸጉር በሁለት እጇ ከፈል ከፈል እያደረገች ትፈታትሻለች፣ ሚጡ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ "አባዬ እያት፣ ሹሩባ እየሰራችለት ነው። ከአንተ ትሻላለች" አለችኝ።

ጭላዳ ጋ ስትሄዱ ምግብ አትስጧቸው፣ ከረጢትም ከፊታቸው አትክፈቱ፣ ከሰው እጅ መልመድ ለነሱም ለአካባቢው ገበሬ ማሳም ጥሩ አይደለም። መሃላቸው አትግቡ፣ ወደ ገደሉ በኩል መውጫቸውን አትዝጉባቸው፣ ማታ የሚያድሩት ገደሉ ላይ ነው፣ ሲደነግጡም የሚሮጡት ወደዛው ነው። ልጆቹን እጃቸውን ያዙ፣ ጫፉ አጥር የለውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁጭ በሉ። ቆመን ሳለ እየራቁን ነበር፣ ቁጭ ስንል ቀስ በቀስ እየበሉ እነሱ ራሳቸው መጡ። ሚጡ ደብተሯን አውጥታ ሳለቻቸው። አንድ ትልቅ ወንድ ከነጎፈሩ የሳለችው አለ፣ ትንሽ አንበሳ ትንሽ አህያ ይመስላል፣ ግድግዳችን ላይ ነው ያለው።

ተመልሰን መግባት ነበረብን፣ እኔ ግን ከዚህ ደርሰን ደብረ ሲና ቆሎ ሳንገዛ አንመለስም አልኩ። ስህተት። የጣርማ በሩን በጣሊያን ጊዜ የተሰራ ዋሻ ስታልፉ ደስ ይላል፣ ልጆቹ ጮሁ፣ ከዛ በኋላ ያለው ቁልቁለት ግን መጠምዘዣ በመጠምዘዣ ነው፣ ሚጡ በሶውን ሁሉ ጃኬቴ ላይ መለሰችው። የመኪና መንገድ የሚያማቸው ልጆች ካሏችሁ ከፊት ወይ ከመስኮት አጠገብ አስቀምጧቸው፣ ስልክ እንዳያዩ፣ ሩቅ እንዲያዩ አድርጉ፣ ሆዳቸው ባዶም ጢም ያለም አይሁን፣ ሎሚ ቆርጣችሁ ያዙ፣ ፌስታል ደግሞ በኪስ እንጂ በሻንጣ ውስጥ አይሁን። ቆሎውን ገዛን በነገራችን ላይ። እኔ ራሴ ነኝ የበላሁት።

አሁን ወደ ትልቋ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ነው የበደልኩት።

እናቴ እግሯ ነው የሚያሳክካት ካለችኝ በኋላ ልጅቷ መሮጥ እንደምትወድ አየሁ፣ አየሁና አበድኩ። በቃ ሯጭ ልትሆን ነው ብዬ። ጠዋት አስራ ሁለት ሰአት እየቀሰቀስኩ፣ በስልኬ ሰአት እየያዝኩ፣ ትናንት ከሮጥሽው በአራት ሰከንድ ዘገየሽ እያልኩ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤታቸው ውድድር ነበረ፣ ሜዳውን ሦስት ዙር። ከመነሻው ፈትለክ ብላ መራች። እኔ ከዳር ሆኜ "እንዳትለቂያት! ፍጠኚ! ፍጠኚ!" እያልኩ እጮሃለሁ፣ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ። ሁለተኛው ዙር ላይ ጎኗን ይዛ ቆመች። አቋረጠች። አጠገቧ ስደርስ አላየችኝም፣ ወደ ጓደኞቿ ሄደች። ማታ መብራት ካጠፋን በኋላ ነው ከአልጋዋ ሆና "አባዬ አንተ ስትጮህ እግሬ ይተሳሰራል" ያለችኝ። እኔ እያበረታታሁ መስሎኝ። ታዲያ ምን ላድርግ አልኳት። "ዝም ብለህ ቁም። ውሃ ያዝልኝ።"

ሰአት መያዙን ተውኩት። የስፖርት መምህራቸውን ሄጄ አነጋገርኩ፣ ጥሩ ሰው ነው፣ በዚህ እድሜ ልጅ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን በጨዋታ መልክ ቢሮጥ ይበቃዋል አለኝ፣ አባሮሽ፣ ዳገት መውጣት፣ ገመድ ዝላይ፣ እንደዚህ። ፍጥነቱን ደግሞ በወሬ ለኩት አለኝ፣ እያወራች መሮጥ ካልቻለች ፈጥናለች ማለት ነው፣ ቀንሳ ትጀምር። ይሄ ለኛ ተአምር ነው የሰራው፣ ምክንያቱም ትልቋ ወሬ ትወዳለች። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰአት አካባቢ፣ ፀሐይ ወጥታ ውርጩ ከሳሩ ላይ ከቀለጠ በኋላ (ኅዳር ላይ ሜዳው ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው፣ ከዛ በፊት ልጅ ማስሮጥ ምን ያደርጋል) ከከተማው ወጣ ብለን እንሮጣለን። እሷ ታወራለች፣ እኔ አለከልካለሁ። ሚጡ በሩቁ ጭጎጎት ከካልሲዋ ላይ ትለቅማለች።

እናቴ ጋ ለሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ ጫጫ ስንወርድ ለትልቋ ነገርኳት። ጌጤ ዋሚ የዚህ አገር ልጅ ናት አልኳት፣ በ1996 እና በ1999 የዓለም አገር አቋራጭ ያሸነፈች፣ በዛው በ1999 ሴቪሊያ ላይ በ10000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነች፣ ሲድኒ ኦሎምፒክ በዛው ርቀት ብር ያመጣች (አመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)። በርሊን ማራቶንን በ2006 እና በ2007 በተከታታይ አሸንፋለች፣ በ2007ቱ እንደውም ከአምስት ሳምንት በኋላ ኒውዮርክ ሮጣ ሁለተኛ ወጥታለች። ሁለቱም የበርሊን ድል በኛ መስከረም ላይ ነው፣ መፀው እግር ይፈታል ማለት ነው አልኳት፣ ብልጥ ለመሆን። "መስከረም ስንት?" አለችኝ። አስልቼ ነገርኳት፣ አንዱ መስከረም 14 ሌላው መስከረም 19። "እንደዛማ ከሆነ ክረምት ነው፣ 26 አልሞላም" አለችኝና ሜዳውን አቋርጣ ወደ አያቷ ቤት ሮጠች። እኔና ሚጡ ስንደርስ ሁለተኛ ብርጭቆ እርጎዋን እየጠጣች ነበር።

ኅዳር ላይ እንደገና ውድድር መጣ። ሃይላንድ ውሃ ይዤ ዳር ላይ ቆምኩ። አልጮህኩም። ስንት ጊዜ አፌ ድረስ መጣብኝ መሰላችሁ። መጀመሪያው ዙር ላይ ከኋላ ነበረች፣ ስምንተኛ ዘጠነኛ፣ ሆን ብላ ቀስ ብላ ነው የጀመረችው፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ለብቻዋ እያወራች ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ አንድ አንድ እያለች ማለፍ ጀመረች። ሦስተኛው ላይ ምን ያህል ሃይላንዱን ጨብጬው እንደነበር የገባኝ ክዳኑ ፈንድቶ ውሃው ሱሪዬ ላይ ሲፈስ ነው። አራተኛ ወጣች። ሽልማት እስከ ሦስት ነበር፣ ለሷ ምንም የለም። እየሳቀች መጣችና "አየኸኝ? አልቆምኩም!" አለች፣ ከዛ ሃይላንዱን ተቀብላ ዘቀዘቀችው። "አባዬ ውሃዬስ?"

የሚጡ ነገር ደግሞ ጊዜ ወሰደ። የነቀለችውን ስንደዶ እናቴ አድርቃ፣ ግማሹን ከገበያ ቀለም ገዝታ ቀይና አረንጓዴ አለላ አድርጋ ጠበቀቻት። ሲሰፋ ውሃ ነካ ነካ ተደርጎ ይለሰልሳል፣ በደረቁ ከሰፉት ይሰበራል። ወስፌው ነው አስቸጋሪው፣ ስለታም ነው፣ እናቴ ጫፉ የዶለዶመ አሮጌ ፈልጋ ሰጠቻት፣ እንደዛም ሆኖ ጣቷን ስንት ጊዜ እንደወጋች አልቆጠርኩም። ልጅ ስፌት የምታስተምሩ ካላችሁ ክርኗን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ እንድትይዝ አድርጉ፣ ወስፌውን ወደራሷ ሳይሆን ወደውጭ እንድትወጋ፣ ሲመሽ ደግሞ በቃ በሏት፣ የሚወጋው ሲደክማቸውና ብርሃን ሲያንስ ነው። ሃሳቧ ለአሻንጉሊቷ መሶብ መስራት ነበር። ከመሃል መጀመሩ ግን አልሆን አላት፣ ይፈታባታል፣ እንደገና ትጀምራለች፣ ይፈታባታል። ሦስት ቅዳሜ። አንዴ ወርውራው አልቅሳ ወጣች፣ እኔ "ልርዳሽ" ብዬ ልይዘው ስል እናቴ በአይኗ ገሰጸችኝ። ከዛ ተመልሳ መጥታ መሃሉን ባዶ ትታ ክብ አድርጋ ዙሪያውን መስፋት ጀመረች፣ ከራሷ አውጥታ ነው። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ቀይ አረንጓዴ ቀይ። በአንድ በኩል ወፍራም በሌላው ቀጭን ሆነና የእጅ አምባር የመሰለ ትልቅ ቀለበት ወጣው።

"መሶብ አልሆነም" አለች፣ ልታለቅስ ነው።

እናቴ ተቀብላ አገላብጣ አየችው፣ ጀበናዋን ከእሳት አነሳችና መሬት ላይ ያለውን አሮጌ ማቶት ገፋ አድርጋ በሚጡ ቀለበት ላይ አስቀመጠችው። ዘመም አለ እንጂ ቆመ። "ማቶት ነው" አለች። "መሶብማ ማንም ይሰፋዋል።"

ማንም አይሰፋውም፣ ግን ዝም አልኩ።

ማቶቱ አሁን እኛ ቤት ነው ያለው። ቅዳሜ ማታ ባለቤቴ ከዱቲ ስትገባ ቡና ይፈላል፣ ጀበናው የሚጡ ማቶት ላይ ወደ ግራ አዘንብሎ ይቀመጣል፣ ትልቋ ሲኒውን ታቀርባለች፣ እኔ ቆሎ አዘጋጃለሁ። ባለቤቴ ሚጡን ጉልበቷ መሃል አስቀምጣ ሳምንቱን ሙሉ ያበላሸሁትን ሹሩባ ትፈታለች። ሚጡ ስትጎተት አይ አይ ትላለች እንጂ አይኗን ከጀበናው ላይ አታነሳም፣ ቡናው እስኪሰክን።